ላቡ 11:30 ይዘጋል፣ ውድድሩ 11:35 ይጀምራል

ለኮምፒውተር ሳይንስ፣ ለሶፍትዌር ኢንጂነሪንግና ለኢንፎርሜሽን ሲስተም ትምህርት ክፍል ኃላፊዎች
ለዩኒቨርሲቲ አይሲቲ ክፍሎችና ለላብ ቴክኒሻኖች
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ ለተማሪዎች የፕሮግራሚንግ ውድድር የሚደረግ ዝግጅትን ይመለከታል

ኮድፎርስስ የሚባለው በኢንተርኔት የሚካሄድ የፕሮግራሚንግ ውድድር መድረክ መደበኛ ዙሮቹን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በሞስኮ ሰዓት 17:35 ላይ ነው። የሞስኮና የአዲስ አበባ ሰዓት እኩል ስለሆነ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11:35 ይሆናል። የመንግሥት የሥራ ሰዓት ደግሞ 11:30 ላይ ያበቃል። ቴክኒሻኑ ላቡን ቆልፎ፣ ቁልፉን ለጥበቃ አስረክቦ ወደ ሰርቪስ ሲሮጥ፣ በሌላው ዓለም በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች የመጀመሪያውን ጥያቄ ለመክፈት አምስት ደቂቃ ቀርቷቸዋል። የእኛዎቹ በዚያው ደቂቃ ደረጃው ላይ ተቀምጠው የሞባይል ዳታ ስንት ሜጋባይት እንደቀራቸው ያያሉ።

ይህን የምንጽፍላችሁ ቡድን የምናሠለጥን፣ ጥያቄ የምናዘጋጅና ውድድር የምንዳኝ ሰዎች ነን። አንድ ቡድን ተሸንፎ ሲመለስ "መሠረታቸው አልተጣለም" የሚለው አስተያየት ቶሎ ይመጣል። መሠረቱ ያልተጣለለት ተማሪ የለም አንልም። ነገር ግን የውጤት ሰሌዳውን ቁጭ ብሎ ለመረመረ ሰው አብዛኛው ኪሳራ ከቁልፍ፣ ከደብዳቤ፣ ከቀን አቆጣጠርና ከአንድ ኪቦርድ አያያዝ የመጣ ነው። እነዚህ ደግሞ በእናንተ ፊርማ የሚስተካከሉ ናቸው።

ስለ የትኛው ውድድር እንደምናወራ እናስቀድም። አይሲፒሲ እየተባለ የሚጠራው ዓለም አቀፍ የዩኒቨርሲቲዎች ውድድር መነሻው እ.ኤ.አ. በ1970 በቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ግጥሚያ ነው፤ የመጀመሪያው የፍጻሜ ውድድር በ1977 አትላንታ ላይ ተካሄደ። ለኢትዮጵያ ቡድን መንገዱ ኢቲሲፒሲ በምንለው አገር አቀፍ ውድድር ይጀምርና ወደ አፍሪካና አረብ አገሮች ሻምፒዮና ያልፋል፤ ከዚያም የበቃው ወደ ዓለም ፍጻሜ ይሄዳል። ፍጻሜው ሁልጊዜ ከውቅያኖስ ማዶ ነው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 የ46ኛውና የ47ኛው ፍጻሜ በአንድነት የተካሄዱት ሉክሶር፣ እዚሁ ዓባይ ዳር ነው።

ሕጉ አጭር ነው። ሦስት ተማሪ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አምስት ሰዓት፤ ጥያቄው እንደየደረጃው ከ8 እስከ 13 ገደማ። ለአንድ ጥያቄ የተላከ ኮድ ሁሉንም ስውር ቴስት (ተማሪው የማያየውን መፈተኛ ግብዓት) ካለፈ ተፈታ ይባላል፤ ከመቶ ቴስት አንዱን ከሳተ ዜሮ ነው። ብዙ የፈታ ያሸንፋል። እኩል የፈቱ በፔናልቲ ይለያሉ፦ እያንዳንዱ ጥያቄ ከውድድሩ መጀመሪያ አንሥቶ በስንተኛው ደቂቃ እንደተፈታ ይደመርና፣ ኋላ በተፈታ ጥያቄ ላይ ለተላከ ለእያንዳንዱ የተሳሳተ ኮድ 20 ደቂቃ ይጨመራል።

ቁጥሩን እንየው። አንደኛው ቡድን አምስት ጥያቄ በ12፣ በ40፣ በ75፣ በ130 እና በ210ኛው ደቂቃ ፈታ፤ ድምሩ 467 ነው፤ አንድ ጊዜ ተሳስቷልና 487። ሁለተኛው ፈጣን ነው፤ በ15፣ በ35፣ በ60፣ በ120 እና በ190፤ ድምሩ 420። ነገር ግን "እስቲ ይሞከር" እያለ አራት ጊዜ ሳተ፤ 80 ተጨምሮ 500 ሆነ። ፈጣኑ ተሸነፈ። ሌላም አለ። በእጅ ላይ አንድ የ10 ደቂቃና አንድ የ40 ደቂቃ ጥያቄ ቢኖር፣ ቀላሉን ያስቀደመ በ10ኛውና በ50ኛው ደቂቃ ጨርሶ 60 ይቆጠርበታል፤ ከባዱን ያስቀደመ በ40ኛውና በ50ኛው ጨርሶ 90። ሥራው ያው፣ ልዩነቱ 30 ደቂቃ። ስለዚህ ጥሩ ቡድን የመጀመሪያዎቹን 15 ደቂቃዎች የሚያጠፋው ጥያቄዎቹን ለሦስት ተከፋፍሎ በማንበብና ቀላሉን በማደን ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ቀላሉ ነው ብሎ የሚጀምር ቡድን ወረቀቱ በችግር ደረጃ እንዳልተደረደረ አያውቅም፤ ያላወቀውም ማንም ስላልነገረው ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳን ግን ያቺ አንዲት ኮምፒውተር ናት። ተማሪዎቹ ዶርም ውስጥ ሦስት ላፕቶፕ ዘርግተው ሲለማመዱ ይከርሙና የውድድሩ ቀን አንድ ኪቦርድ ፊት ይቀመጣሉ። የተለመደው ትርኢት ይህ ነው፦ አንዱ ኮዱን ላከ፤ ሮንግ አንሰር (መልሱ ስህተት ነው የሚል ፍርድ) መጣ፤ ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ ስህተቱን ሲፈልግ 40 ደቂቃ ሄደ፤ ሁለተኛው መልሱን በጭንቅላቱ ጨርሶ ከኋላው ቆሞ እግሩን ያወዛውዛል። መድኃኒቱ የታወቀ ነው። የተሳሳተ ኮድ ይታተማል፤ ባለቤቱ ወረቀቱን ይዞ ከወንበሩ ይነሣል፤ እስክሪብቶ ይዞ መስመር በመስመር ያነባል፤ ወንበሩ ለሚቀጥለው ይለቀቃል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ የሚሠራ ፕሪንተርና ለአንድ ሴሚስተር አንድ ደስጣ ወረቀት፣ ማለትም 500 ቅጠል ነው። ወረቀት ለፈተና ብቻ ነው የሚል የንብረት ክፍል ካለ፣ እባካችሁ ይህን አንቀጽ አሳዩልን።

ኪቦርድ የያዘውም ቢሆን አልጎሪዝሙን ወረቀት ላይ ሳይጨርስ መተየብ የለበትም። በልምምድ ጊዜ ቀላል ደንብ ይበቃል፦ የምትጽፈውን በሁለት ደቂቃ ለጓደኛህ ማስረዳት ካልቻልክ አትቀመጥ። የሚያስረዳው ሰው እያወራ ራሱ ስህተቱን የሚያገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

ስህተቶቹም ዓይነታቸው የታወቀ ነው። ከሁሉ የሚበዛው የቁጥር መጠን ነው። በሲ ፕላስ ፕላስ ቋንቋ ኢንት የሚባለው የሙሉ ቁጥር ዓይነት የሚይዘው እስከ 2,147,483,647 ነው። እያንዳንዳቸው እስከ 100,000 የሚደርሱ 100,000 ቁጥሮችን ደምር ቢባል ድምሩ 10 ቢሊዮን ሊሆን ይችላል፤ ኢንቱ ሞልቶ ይፈስና አሉታዊ ወይም ትርጉም የለሽ ቁጥር ይወጣል። በጥያቄው ወረቀት ላይ ያለው ናሙና ሦስትና አራት ቁጥር ብቻ ስለሆነ በትክክል ያልፋል። ቡድኑ "ናሙናው አልፏል፣ ሎጂኩ ነው የተሳሳተው" ብሎ ደህናውን ሎጂክ ያፈርሳል። የሚያስፈልገው ግን ኢንቱን ሎንግ ሎንግ ወደሚባለው ሰፊ የቁጥር ዓይነት መቀየር ብቻ ነበር።

ሁለተኛው ጊዜ ነው። አንድ ተራ ኮምፒውተር በአንድ ሴኮንድ ወደ 100 ሚሊዮን ቀላል እርምጃ ይሠራል ብሎ መገመት ለውድድር ይበቃል። 5,000 ነገሮችን ሁሉን ከሁሉ ጋር ማወዳደር 25 ሚሊዮን እርምጃ ነው፤ ያልፋል። 100,000 ከሆኑ ግን 10 ቢሊዮን ነው፤ መቶ ሴኮንድ ገደማ ይወስዳል፤ ወሰኑ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 1 ወይም 2 ሴኮንድ ነው። አስቀድሞ በቅደም ተከተል መደርደር ከ2 ሚሊዮን በታች በሆነ እርምጃ ያልቃል። ጥያቄው ውስጥ ያለው የመጠን ወሰን የመልሱን መንገድ ይጠቁማል። "ቢበዛ 20" የሚል ያነበበ ተማሪ ሁሉንም ምርጫ መሞከር እንደሚችል ማወቅ አለበት፤ 20 ነገሮች ያላቸው ንዑስ ስብስብ አንድ ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነውና።

ሎጂኩ ትክክል ሆኖ ንባቡ የሚገድለውም አለ። ፓይተን ላይ መቶ ሺህ መስመር አንድ በአንድ በኢንፑት ማንበብ፣ ሲ ፕላስ ፕላስ ላይ በየመስመሩ ኢንድኤል የሚባለውን የመስመር መዝጊያ መጻፍ (በየጊዜው የተጠራቀመውን እያፈሰሰ ያዘገያል)፣ 10,000 በ10,000 የሆነ የኢንት ሰንጠረዥ መክፈት። ይህ የመጨረሻው 400 ሜጋባይት ይፈልጋል፤ የተለመደው ወሰን 256 ነው። በአንድ ፋይል ብዙ ቴስት ሲመጣም የቀድሞው ቴስት ሰንጠረዥ ሳይጸዳ ይቀርና ሁለተኛው መልስ ይበላሻል። እነዚህን ሁሉ ተማሪው በሌክቸር ሰምቷቸዋል። የሚገቡት ግን ሰዓት እየቆጠረ ሮንግ አንሰር ሲያዩ ነው፤ ለዚህም ነው ላቡን የምንለምነው።

ወደ ላቡ እንመለስ። ሠላሳ ኮምፒውተር አንጠይቅም። ለልምምድ 10 የሚሠሩ ኮምፒውተሮች፣ በሳምንት ሁለት ምሽት፣ ከ11:30 እስከ 2:30 ይበቃሉ። ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ዙር 1:35 ላይ ያልቃል፤ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚፈጀውም 2:05 ላይ። ቀሪው 25 ደቂቃ ኮምፒውተር ለማጥፋትና በር ለመቆለፍ ነው። የዙሮቹ ቀን ከሳምንት ሳምንት ስለሚለዋወጥ "ሁልጊዜ ማክሰኞ" ብሎ ማሰር አይሠራም፤ የዙር ሰሌዳው ቀደም ብሎ ስለሚወጣ በየወሩ መጀመሪያ ቀኖቹን መለጠፍ ይቻላል።

ደብዳቤው ለእያንዳንዱ ምሽት መጻፉ ነው ነገሩን የሚገድለው። ማክሰኞ ለሚደረግ ልምምድ ሰኞ የተጻፈ ደብዳቤ መዝገብ ቤት ገብቶ፣ ተመርቶ፣ ግልባጩ በሩ ላይ ሲደርስ ሐሙስ ነው። ለሴሚስተሩ አንድ ደብዳቤ ይጻፍ። በውስጡ የክፍሉ ቁጥር፣ ሰዓቱ፣ የተማሪዎቹ ስምና የመታወቂያ ቁጥር፣ የኮምፒውተሮቹ የንብረት ቁጥር፣ ኃላፊነቱን የሚወስደው ቴክኒሻን ወይም መምህር ስም ይኑር። አንድ ቅጂ የግድ ጥበቃው ክፍል ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ የዛሬው ተረኛ የትናንቱ አይደለምና "እኔ የማውቀው ነገር የለም" ቢል አይፈረድበትም። ቴክኒሻኑ በነጻ ያምሽ የሚል ሐሳብ ከዚህ ደብዳቤ ውስጥ አትፈልጉ። በሳምንት ስድስት ሰዓት የትርፍ ሰዓት ክፍያ ይታሰብለት፣ ወይም የሥራ ሰዓቱ ይሸጋሸግ።

ካፌውም አለ። በአብዛኛው ካምፓስ እራት የሚቀርበው ልክ ዙሩ በሚካሄድበት ሰዓት ነው፤ ተማሪው በኮድና በእንጀራ መካከል እንዲመርጥ ይደረጋል፤ እንጀራውን ቢመርጥ አይፈረድበትም። ለሃያ ተማሪ እራት ማስቀረት ለካፌው ከባድ አይደለም፤ ስም ዝርዝሩ ይላክለት። ሴት ተማሪዎችን በሚመለከት ደግሞ በግልጽ መነገር ያለበት ነገር አለ፦ በመጀመሪያ ወር ከወንዶቹ እኩል የሚመጡት በሁለተኛው ወር የሚቀሩት ጥያቄው ከብዷቸው ሳይሆን ከምሽቱ 2:30 ላይ ከላብ እስከ ዶርም ያለው መንገድ ጨለማ ስለሆነ ነው። ተረኛ ጥበቃ አብሮ እንዲሸኝ በዚያው ደብዳቤ ላይ አንድ መስመር ጨምሩ።

ምሽቱ በምንም መንገድ የማይሆን ከሆነ ሁለተኛ አማራጭ አለ። ኮድፎርስስ ያለፈ ውድድርን በፈለጉት ጊዜ፣ ሰዓቱ እንደ እውነተኛው እየቆጠረ፣ በቨርቹዋል ለመወዳደር ይፈቅዳል። ቅዳሜ ጠዋት ከ3 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት የሚደረግ የቡድን ቨርቹዋል ውድድር ለአምስቱ ሰዓት ጽናት ጥሩ ልምምድ ነው። ነገር ግን የውድድሩ ማግስት ከውድድሩ ይበልጣል። ያልተፈታውን ጥያቄ በማግስቱ ማብራሪያውን አንብቦ ራስ ጽፎ መጨረስ፣ አፕሶልቭ የምንለው፣ ካልተደረገ ተማሪው በየሳምንቱ የሚችላቸውን ሦስቱን እየፈታ፣ የማይችላቸውን አራቱን እየተወ ዓመቱን ይጨርሳል።

ኮምፒውተሮቹ ላይ ምን ይጫን? ሊኑክስ፣ አዲስ የጂሲሲ ኮምፓይለር (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉም)፣ ጃቫ፣ ፓይተንና ቀለል ያለ ኤዲተር። በአንዳንድ ላብ እስካሁን ያለው አሮጌ የኮድ መጻፊያ፣ ዴቭ ሲ ፕላስ ፕላስ 4.9.9.2፣ ይዞት የሚመጣው ኮምፓይለር እ.ኤ.አ. የ2011ዱን የቋንቋ ደረጃ አያውቅም፤ ተማሪው ቤቱ የሠራለት ኮድ ላብ ውስጥ በቀይ ይሞላል። ዲፕ ፍሪዝ (ኮምፒውተሩ ጠፍቶ በተነሣ ቁጥር ወደ ቀድሞው ሁኔታ የሚመልሰው ሶፍትዌር) የተጫነበት ላብ ከሆነም አንድ ድራይቭ ከበረዶው ውጭ ይቅር፤ አለዚያ መብራት ብልጭ ሲል የሦስት ሰዓት ሥራ አብሮ ይጠፋል።

አሁን ስለ አመራረጥ። ቡድን በውጤት ነጥብ ቅደም ተከተል ከላይ ሦስቱን ወስዶ፣ ከውድድሩ አንድ ሳምንት በፊት መመሥረት የተለመደ ነው፤ የተለመደ መሆኑ ግን ትክክል አያደርገውም። 3.9 ያለው ተማሪ ፈተና የሚሠራ ተማሪ ነው፤ ውድድር የሚሠራ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። በታኅሣሥ ሁለት የግል ውድድር፣ እያንዳንዱ ሦስት ሰዓት፣ ለፈለገ ሁሉ ክፍት ሆኖ ይደረግ፤ የሒሳብና የኤሌክትሪካል ተማሪ አይከልከል። ከዚያ የመጀመሪያዎቹ 12 በየሳምንቱ በተለያየ ሦስት ሦስት እየተቀያየሩ ይወዳደሩ። በመጨረሻ የምትመርጡት ሦስት ምርጥ ግለሰቦችን ሳይሆን አብሮ ጥሩ የሠራውን ሦስት ነው። ሦስቱም ግራፍ የሚወዱ፣ ሦስቱም ጂኦሜትሪ የሚሸሹ ከሆኑ በወረቀት ጠንካራ፣ በሰሌዳ ደካማ ቡድን ነው።

ዕድሜና ዘመንም አስቀድሞ ይታይ። አይሲፒሲ ተሳታፊን የሚለካው ከሁለተኛ ደረጃ በኋላ ትምህርት በጀመረበት ዘመን (አምስት ዓመት) ወይም በልደት ዓመት ነው። በዓለም ፍጻሜ ሁለት ጊዜ የተሳተፈም አይመለስም። ለእኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ተማሪው በፍሬሽማን ዓመት ትምህርት ክፍል አልተመደበም፤ እኛ የምናገኘው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሰዓቱ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እየቆጠረ ነው። በመጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት፣ ከዚያም በጦርነቱ ምክንያት ዩኒቨርሲቲያቸው የተዘጋባቸው ደግሞ ትምህርታቸው ሲራዘም ዓመታቸው ተበልቷል። ትምህርቱ ለተቋረጠበት ተማሪ አሠልጣኙ የማራዘሚያ አቤቱታ ሊያቀርብለት ይችላል፤ ነገር ግን ማስረጃ ይጠየቃል። ከሬጅስትራር የሚወጣው ደብዳቤ ትምህርቱ ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር እንደተቋረጠ፣ ቀኑም በፈረንጆች አቆጣጠር መጻፍ አለበት። "2012" ብሎ የተጻፈ ማስረጃ ውጭ ያለ ሰው ሲያነበው ተማሪው ገና ልጅ እያለ ዩኒቨርሲቲ የገባ ይመስለዋል።

ስምም እንዲሁ። የመመዝገቢያ ቅጹ ስምና የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። ግማሹ ተማሪ በቤተሰብ ስም ቦታ የአባቱን፣ ግማሹ የአያቱን ስም ይሞላል፤ "ፀሐይ"ን በላቲን ፊደል ሦስት ዓይነት የሚጽፍ አለ። ከመጀመሪያው ምዝገባ ጀምሮ ፓስፖርቱ ላይ ባለው አጻጻፍ ይሞላ። ፓስፖርት ከሌለው ቡድኑ በተመሠረተ ሳምንት ያመልክት እንጂ ካሸነፈ በኋላ አይደለም። ለአፍሪካና አረብ ሻምፒዮና ወደ ግብፅ ለመሄድ ቪዛ ያስፈልጋል፤ ወጪውም በውጭ ምንዛሪ ነው። የዩኒቨርሲቲው ፋይናንስ ይህን የሚሰማው ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት ከሆነ ቡድኑ ያሸነፈው ለሰርተፊኬት ብቻ ነው።

የራሳችሁን የካምፓስ ውድድር ለማዘጋጀት ካሰባችሁ (አስቡ!) ኢንተርኔት ላይ አትደገፉ። ዶምጀጅ የሚባል ነጻ የዳኝነት ሶፍትዌር አለ፤ በአንድ ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ተጭኖ በላቡ የውስጥ ኔትወርክ ብቻ ይሠራል። ኢንተርኔት ቢቋረጥ ማንም አያውቅም። ሁለት ክፍል አለው፦ ተማሪው ኮድ የሚልክበት ሰርቨርና ኮዱን እያስኬደ የሚፈርድ ማሽን። ሁለቱን አንድ ኮምፒውተር ላይ አትጫኑ፤ በመጨረሻው ሰዓት ሁሉም ሲልክ ሰርቨሩ ሲጨናነቅ ፍርዱም ይዘገያል፤ ትክክለኛ ኮድ ታይም ሊሚት (ከጊዜ ወሰኑ አልፏል) ይባላል። ለ20 ቡድን ሁለት ፈራጅ ማሽን ይበቃል፤ ተማሪዎቹ ከሚሠሩባቸው ጋር አንድ ዓይነት ቢሆኑ ይመረጣል።

ኬብል ስትቆጥሩ ተጠንቀቁ። "ቡድኑ 20 ነው፣ ባለ 24 ቀዳዳ ስዊች ይበቃል" የሚባለው አይሠራም። 20 የቡድን፣ 2 መጠባበቂያ፣ 1 ሰርቨር፣ 2 ፈራጅ፣ 1 ፕሪንተር፤ 26 ነው። ይህ የሚታወቀው ብዙውን ጊዜ በውድድሩ ጠዋት ነው። ሰርቨሩና ስዊቹ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ) ላይ ይሁኑ፤ የተማሪዎቹ ማሽን ቢጠፋ ይነሣል፤ ሰርቨሩ ቢጠፋ ግን ውድድሩ ይቆማል። መብራት ቢጠፋ ምን እንደሚደረግ ከዋዜማው ተጽፎ ለሁሉም ይነበብ፤ ዶምጀጅ የባከነውን ጊዜ ከሰዓቱ ላይ ቀንሶ ማስላት ይችላል። በዕለቱ ተከራክሮ መወሰን ጠብ ያመጣል።

ጥያቄ አዘጋጅ ከአንድ በላይ ይሁን፤ ያዘጋጀው ያልሆነ ሰው ጥያቄውን ከወረቀቱ ብቻ አንብቦ ይፍታው። የእርሱ መልስና የእናንተ ካልተስማማ ስህተቱ ከእናንተ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ነው። ቴስቱ ውስጥ ትንሹ ወሰን፣ ትልቁ ወሰን፣ ሁሉም እኩል የሆነበት፣ በተገላቢጦሽ የተደረደረ፣ ቀርፋፋውን መፍትሔ ሊጥል የታሰበ፣ ሁሉም ይኑር። የጊዜ ወሰኑ የራሳችሁ ዘገምተኛ ትክክለኛ መፍትሔ (የጃቫው ይሁን) ከወሰደው ሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይሁን። ቴስት ፋይሉ ዊንዶውስ ላይ ከተጻፈ በየመስመሩ መጨረሻ የማይታይ ተጨማሪ ምልክት ይቀራል፤ መስመሩን እንዳለ የሚያነብ ፕሮግራም በዚያች ምልክት ምክንያት ሮንግ አንሰር ይባላል። ሊኑክስ ላይ አጽዱት። ለስምንት ጥያቄ የምንከተለው መለኪያ ይህ ነው፦ እያንዳንዱ ቡድን ቢያንስ አንዱን ይፍታ፣ እያንዳንዱ ጥያቄ ቢያንስ በአንድ ቡድን ይፈታ፣ ሁሉንም የሚፈታ ቡድን አይኑር። ከኢንተርኔት የተቀዳ ጥያቄ አታምጡ፤ ያየው ተማሪ በአራት ደቂቃ ይልከዋል፤ ያላየው ይታዘባችኋል።

ፊኛው እንደ ቀልድ ይታያል፤ አይደለም። ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ቀለም፣ በፈታው ቡድን ወንበር ላይ ይታሰራል፤ ሌሎቹ የትኛው ጥያቄ እየተፈታ እንደሆነ ቀና ብለው ያያሉ። ለቀላሎቹ ሦስት ጥያቄዎች ሃያ ሃያ፣ ለቀሩት አምስት አሥር አሥር ግዙ። ነጭና ክሬም አብራችሁ አትግዙ። የመጨረሻው አንድ ሰዓት ሲገባ ሰሌዳው ይቆለፋል፤ ማን ምን እንደፈታ የሚታወቀው በመዝጊያው ላይ ነው። የቀረበው ዳቦና ሻይ ከጾም ቀን ጋር ይመሳከር፤ በረመዳን ደግሞ ውድድሩን ጠዋት ጀምራችሁ ጨርሱት።

"ተማሪው አፕ ቢሠራ አይሻልም ወይ?" የሚል ጥያቄ ከእናንተ ዘንድ ይመጣል። የፕሮጀክት ውድድር ሌላ ነገር ነው፤ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የሚያካሂደው ኢማጂን ካፕ እንደሚጠይቀው ዓይነት ሐሳብ፣ ዲዛይን፣ አቀራረብና ተጠቃሚ ይፈልጋል። እርሱም ይደረግ። አምስት ሰዓት ውስጥ የተጻፈ የውድድር ኮድ ደግሞ አስቀያሚ ነው፤ የአንድ ፊደል ስያሜ የሞላበት፣ ነገ ማንም የማያነበው፤ ይህን አንደብቅም። ነገር ግን "ባዶ ቢሆንስ? ትልቁ ቢሆንስ? ሁለቱ እኩል ቢሆኑስ?" ብሎ ሳይጠይቅ የማይልክ ተማሪ ከዚህ ይወጣል፤ የፋይናል ፕሮጀክት አማካሪዎች ልዩነቱን ያውቁታል።

አሠልጣኝ የሚሆነው መምህር በሳምንት ሦስት ሰዓት በሎዱ (በማስተማር ድርሻው) ውስጥ ይቆጠርለት። ያለ ሎድ የሚያሠለጥን ሰው የሚቆየው አንድ ዓመት ነው፤ ሲሄድ የጥያቄ ማኅደሩና የተማሪዎቹ ዝርዝር በፍላሽ አብሮት ይሄዳል። ማኅደሩ የትምህርት ክፍሉ ሰርቨር ላይ ይቀመጥ።

ለዚህ ሴሚስተር አሁኑኑ ሊፈረም የሚችለው አንዱ ደብዳቤ ነው። ቃሉን እዚህ አስቀምጠናል፤ ስምና ቁጥሩን ሞልታችሁ ማኅተም ማሳረፍ ብቻ ይቀራል፦

"በትምህርት ክፍላችን በፕሮግራሚንግ ውድድር የሚሳተፉ ስማቸው በአባሪነት የተያያዘ ተማሪዎች በዚህ ሴሚስተር በወሩ መጀመሪያ በሚለጠፈው ሰሌዳ መሠረት፣ በሳምንት ሁለት ቀን ከምሽቱ 11:30 እስከ 2:30 በክፍል ቁጥር ____ እንዲለማመዱ ፈቅደናል። በዚሁ ሰዓት በአባሪው የተመዘገቡት 10 ኮምፒውተሮችና አንድ ፕሪንተር በአቶ/ወ/ሮ ____ ኃላፊነት ይሠራሉ። ተማሪዎቹ ሲወጡ ተረኛ ጥበቃ እስከ ዶርም እንዲሸኛቸው፣ እራታቸውም እንዲቀመጥላቸው እንጠይቃለን።"

ከሰላምታ ጋር
የውድድር አሠልጣኞች፣ ጥያቄ አዘጋጆችና ዳኞች

ግልባጭ፦
ለካምፓስ ጥበቃ (በሩ ላይ የሚለጠፍ)
ለተማሪዎች መመገቢያ
ለንብረት ክፍል
ለሬጅስትራር